ዳነች የተባለች እናት

«እናትህ እኮ ድነዋል» አለችው የመስኮቷ ልጅ፣ ዐይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል። የምሥራች እንደሚናገር ሰው ድምጿን እንኳ አላሞቀችውም፤ «ዛሬ ውሃ የለም» እንደማለት አድርጋ ነው ያለችው። ጎሚስታው የሰማው ነገር እውነት አልመሰለውም። መስታወቱ ላይ ወደተበሳችው ክብ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ቀዳዳዋን የበሳት ሰው ለአጫጭሮች አስቦ ነው መሰል፣ እንደሱ መለል ያለ ሰው መድኃኒት ለመጠየቅ የግድ እጅ ሊነሣ ነው። «ማነው የዳነው?» አለ። «በሽተኛዋ ናቸዋ። ከክትትል ወጥተዋል ነው የሚለው። የወጣልህ ማዘዣ የለም። ቀጣይ።»

ቀጣዩ ሰው ካርዱን በትከሻው ላይ አሳልፎ ሊሰጥ ሲል ጎሚስታው በክርኑ መለሰው። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ አንድ እግሩ በተሰበረ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ሲያጠና ነው የቆየው። የጎማ ጥቁረት የጠጣ እጁን በሥዕሉ ላይ ካለው ሮዝ እጅ ጋር እያስተያየ፣ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ምን ሠርቶ ይበላ ይሆን ሲል ነበር። የክሊኒኩ አሠራር ቀላል ነው፤ ቢያንስ እስከዛሬ ቀላል ነበር። ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየወሩ ሐኪም ፊት መቅረብ የለበትም። ክኒኑ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የክትትል ካርዱን አምጥቶ በር ላይ በተሰቀለችው አረንጓዴ ሳጥን ይከታል፤ ሐኪሙ ይፈርምበታል፤ ባለካርዱ ወይ ቤተሰቡ መጥቶ ድጋሚ ማዘዣውን ከመስኮት ይቀበልና ጎን ካለው መድኃኒት ቤት ክኒኑን ይወስዳል። ጎሚስታው ይህን ሥራ የጀመረው ጢሙን ሳያበቅል ነው። ሳጥኗ ቀለም ሲቀየርላት፣ ዘበኛው ሲያረጅ፣ መስኮቷ ላይ የሚቀመጡት ልጆች አግብተው ሲሄዱ አይቷል። ማዘዣው ግን ቀርቶ አያውቅም።

«እህቴ፣ የእናቴ በሽታ የሚድን አይደለም» አለ፣ ድምጹን እንደምንም እያለዘበ። «ዕድሜ ልኳን ትውጣለች ያለው የእናንተው ዶክተር ነው።»

«እኔ ዶክተር አይደለሁም ወንድሜ። የሚለውን ነው ያነበብኩልህ።»

«እስቲ አዙሪውና እኔም ላንብበው።»

«አይዞርም።»

ከኋላው የተሰለፈ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ፣ «እናትህ ከዳኑ ምን ያጨቃጭቅሃል? ደስ ብሎህ ሂድና እኛን አሳልፈን» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበው ይኸ ሳቅ ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ መቆም ሰልችቷቸው የተገኘውን ነው የሳቁት። እናቱ የመጨረሻዋን ክኒን የዋጠችው ከትናንት በስቲያ ነው፤ ባዶውን ማሸጊያ ትናንት ማታ ትራሷ ሥር አግኝቶ ኪሱ ከቶታል። ይህ ክኒን አንድ ቀን ሲዘለል ዝም የሚል ዓይነት አይደለም። ሲቋረጥ ይበቀላል። ዞሮ ሰውዬውን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየውና፣ «አንተን ድነሃል ብለው በባዶ እጅህ ይስደዱህና ያን ጊዜ አብረን እንስቃለን» አለው። ሰውዬው ኮፍያውን አስተካከለ። የሳቀ ሰው ጠፋ።

ቁጥር አራት ክፍል ያለችው ሲስተር ግማሽ ዳቦ መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃ ስትበላ ነው የደረሰባት። አፏን በመዳፏ ሸፍና እንዲቀመጥ ጠቆመችው። አልተቀመጠም። ነገሩን ነገራት፤ እሷም ፋይሉን ፈልጋ፣ አንብባ፣ ዳቦውን ከዋጠች በኋላ ረጋ ብላ አስረዳችው። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ብዙ ሰው በሞተ ዘመዱ ስም ሳይቀር ክኒን እየወሰደ ስለሚሸጥ፣ ማንኛውም ድጋሚ ማዘዣ ከመፈረሙ በፊት ለበሽተኛው ራሱ ተደውሎ ይጠየቃል። «ለእናትህም ደውለናል። ራሳቸው ናቸው ያነሱት። በሽታ የለብኝም፣ ተሳስታችሁ ነው ብለው ጆሯችን ላይ ዘጉት። በሽታ የለብኝም ላለን ሰው መድኃኒት እንዴት እናዝዛለን? ቢጎዳስ?»

«እናቴ እንደዚያ አትልም።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ የዋሸሁት?»

ሲስተሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይበልጥ ያናደደውም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ንዴቱን የሚጥልበት ቦታ ያገኝ ነበር። ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ ዐይን ነው፤ ጋዋኗ ብብቱ ላይ በሌላ ክር ተሰፍቷል። ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን፣ ዶክተሩ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ፣ እናትየው ከዚያ በፊት በአካል መጥተው በአፋቸው ካልተናገሩ እንደ አዲስ በሽተኛ ቀጠሮ እንደሚያዝላቸው፣ ቀጠሮውም ከመጪው ወር ወዲያ መሆኑን እያዘነች ነገረችው። «ይህን ሁሉ ዓመት ስትፈርሙበት የኖራችሁትን በአንድ ስልክ ትሰርዙታላችሁ?» አላት። «እኛ አልሰረዝነውም፤ እሳቸው ናቸው» አለችው። ይህ መልስ እስከ ታክሲው ድረስ፣ ከታክሲውም እስከ ቤቱ ድረስ ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ሲጮህበት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ ባዶውን ማሸጊያ ቢያሳይ፣ ባለቤቱ ገና ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ክኒን ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ትክክል ነው፤ ሁሉም ትክክል ነው። ዛሬ ያገኘው ሰው ሁሉ ትክክል ነው፤ እናቱ ብቻ ናት ያለ ክኒን የቀረችው።

በሩ ላይ የማያውቀው የሴት ጫማ አገኘ። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ከቤቱ ጫማዎች ራቅ ተደርጎ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። ወዲያው ገባው፤ እህቱን የሚያገባው የሙሽራው እናት መጥተዋል። ሁለት ክፍል ያላት ቤታቸው ለኚህ ሴትዮ ሲባል ከሰሞኑ ሌላ ቤት መስላለች። ከጎረቤት የተዋሱት ምንጣፍ ተነጥፏል። የቴሌቪዥኑ ስንጥቅ በጥልፍ ጨርቅ ተጋርዷል። ማታ ማታ እሱ የሚተኛበት ፍራሽ ተጠቅልሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቷል። እናቱ እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ቀሚስ ለብሳለች፤ በዚህ ሙቀት እንዲህ ያለ ቀሚስ የምትለብሰው ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ለመሸፈን ነው። ጠባሳውን ያወረሳት ከብዙ ዓመት በፊት በሽታው ምድጃ አጠገብ የጣላት ቀን ነው። እህቱ ሚጣ ሻይና ብስኩት አቅርባ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ገና ያላገባችበትን ቤት ጨዋነት ለብሳ ተቀምጣለች።

«ና ልጄ፣ ግባ» አሉ የሙሽራው እናት፣ በሰው ቤት ጋባዥ ሆነው። «ሥራ እንዴት ነው? ጎማ መቼም መፈንዳቱን አይተው።»

«መንገዱ እንዲህ እስከሆነ ድረስ እንጀራችን አይቋረጥም» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ ጀመሩት የአዳራሽ ወሬ ተመለሱ። ዘንድሮ አዳራሽ የሚያከራይ ሰው ዐይን አውጣ ሆኗል። አዳራሹ ለብቻ፣ ወንበሩ ለብቻ፣ የወንበሩ ልብስ ለብቻ፣ ከወንበሩ ልብስ ኋላ የምትታሰረዋ ሪባን እንኳ ለብቻ ሒሳብ አላት። «ነገ ደግሞ ለመቀመጫው አንድ፣ ለመደገፊያው አንድ እያሉ ያስከፍሉናል» አሉ፤ እናቱም ሚጣም ሳቁ። ጎሚስታው እጁ ላይ የተሰጠችው ሻይ እያቃጠለችው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። ሰዓቱ ደግሞ ዛሬ እንደ ሞኝ ይሮጣል። ተነሥቶ እንዳይጮህ ይሉኝታ ይዞታል፤ ዝም እንዳይል ጊዜው እያለቀ ነው። በዚህ መሀል ሴትዮዋ እናቱን ቀና ብለው አዩና፣ «ፊትዎ ገርጥቷል ዛሬ፤ ግፊቱ አስቸገረዎት እንዴ? ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ይሞክሩ ብዬዎት ነበር» አሏት። እናቱ፣ «እሞክራለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። በዚህ ቤት የበሽታው ስም ግፊት ነው። ግፊት የተከበረ በሽታ ነው፤ ባለሥልጣናትንም ያማቸዋል፤ ስለግፊት ሻይ እየጠጡ ማውራት ይቻላል። የሌላኛውን ስም ግን ሦስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ አይጠሩትም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ጎሚስታው ስኒውን አስቀመጠና፣ «እማዬ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ነይ» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ በአልጋውና በተጠቀለለው ፍራሽ መሀል ቆሙ። ሁለት ሰው የማያስቆም ቦታ ነው፤ ሚጣ ተከትላ ስትገባ ሦስት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጠብ በሕይወቱ ያየው ከባዱ ጠብ ነው፤ የሚጮህ ሰው የለበትማ። በሹክሹክታ መናደድ ሰው ጉሮሮውን በገዛ እጁ እንደማነቅ ነው።

«በሽታ የለብኝም ብለሽ ነው ለክሊኒኩ ሰዎች?» አላት።

እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አልካደችም። ስልኳ ከወደቀ ወዲህ የጆሮው ድምጽ ተበላሽቶ የሚሠራው ቤት ሙሉ ሰው በሚሰማው በትልቁ ድምጽ ብቻ ነው። ከክሊኒኩ የተደወለ ዕለት ሴትዮዋ ተቀምጠው ሳለ ጮኸ፤ ጎረቤት መስሏት አነሣችው። አንዲት ልጅ ከክሊኒክ ነው ብላ፣ በቅርቡ ጥሎዎት ያውቃል ወይ ስትል ድምጿ ቤቱን ሞላው። «ምን ልበል? ምንም የለብኝም፣ ተሳስታችሁ ነው አልኩና ዘጋሁት። ሳጥኑ ሌላ፣ ስልኩ ሌላ መስሎኝ። ካርዴ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ ክኒኑ መምጣቱ አይቀርም አልኩ። እንዲያ ካልሁ እንደሚቀር ማን ነገረኝ?»

«እኔ ነኝ በዐይኔ የጠቀስኳት» አለች ሚጣ። «እሷ ላይ አትጩህ።»

«አልጮህኩም። ብጮህማ ደግ ነበር።»

«አንተ ምን አለብህ ጋሼ? ወንድ ነህ። አንተን ማን ስለደምህ ይጠይቅሃል? እኔን ነው እናቷ ምን ነበራት፣ አያቷ ምን ነበራት እያሉ እንደ ጥጃ ጥርሴን የሚቆጥሩኝ።»

«ሠርግሽ ቢቀር ሰው ይሞታል?»

ሚጣ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እሱም ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ፣ ግን መመለሻው ጠፋው። ከወዲያ ማዶ ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቱ እጅጌዋን እየጎተተች፣ ሰኞ እሄዳለሁ፣ ሁለት ቀን ምን ያደርገኛል አለች። ሰኞ ቀጠሮ ብቻ እንደሚሰጧት፣ ቀጠሮውም ወር እንደሚዘልቅ ነገራት። «ሰኞን ተይው። ዛሬ ማታ ምድጃው አጠገብ ብትወድቂስ? ያን ጊዜ እኚህ ሴትዮ መጥተው ያነሡሻል? አሁን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ይለይለት።» እናቱ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ዐይን ከእናቱ አይቶ አያውቅም። «ከአንተ አፍ አይወጣም» አለች። «በሽታው የኔ ነው። የምናገረውም የምደብቀውም እኔ ነኝ።» ተነሣች፤ ሻርፗን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ መጋረጃውን ገልጣ ፈገግ እንዳለች ወጣች። ለሴትዮዋ ልጇ ግፊቷን ሊያስለካት ፈልጎ እንደሆነ፣ ቶሎ እንደምትመለስ ነገረቻቸው። ሴትዮዋም፣ «ይሂዱ፣ ይሂዱ፤ እኔ ከሚጣ ጋር እየተጫወትኩ እጠብቅዎታለሁ» አሉ። ብስኩቱን ገና አልነኩትም ነበር።

ታክሲ ውስጥ አልተነጋገሩም። እናቱ በመስኮት በኩል የሱቆቹን ማስታወቂያ ታያለች፤ እሱ የሾፌሩን ማጅራት ያያል። የኋላ ጎማው አየር እንደጎደለው ከሚሰማው ድምጽ አውቋል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይነግረው ነበር። ዛሬ ግን ለማንም ደግ ቃል የሚያወጣበት ሆድ አልነበረውም። የሚሄዱበት መንገድ ተጨናንቆ ሲቆሙ እናቱ ሻርፗን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቢናገራት ደስ ይለው ነበር፤ ምን እንደሚላት ግን አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ክኒኗን ሲያመላልስ፣ ስለ ክኒኑ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ትራሷ ሥር ያስቀምጥላታል፤ እሷም በማግስቱ የሚወደውን ወጥ ትሠራለች። ንግግራቸው ያ ነው።

ሲደርሱ ዘበኛው የብረት በሩን እየገፋ ነበር። «አልቋል፤ ሰኞ ኑ» አለ። ጎሚስታው ቡትስ ጫማውን በበሩና በምሰሶው መሀል ሰነቀረው። ዘበኛው ገፋ፤ ጫማው ጠንካራ ነው። «እግርህን አንሣ አንተ» ሲለው፣ «በሩን ክፈትና አነሣዋለሁ» አለው። እንዲህ ሲተያዩ እናቱ በክንዱ ሥር ሹልክ ብላ ገባች። ዘበኛው በአሮጊት ላይ እጁን አያነሣ፤ ልጅየውን መያዝም አልቻለ፤ እየተራገመ ተዋቸው።

ሲስተሯን ቁጥር አራትን ቆልፋ፣ ቦርሳዋን አንግታ መተላለፊያው ላይ አገኟት። አግዳሚው ላይ ቁስላቸውን ለማሳሰር ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ጎሚስታው አፉን ሲከፍት ሲስተሯ እጇን አነሣችበት፤ ጠዋት እንደነገረችው፣ እሳቸው በአፋቸው መናገር አለባቸው። «እናቴ፣ እንግዲህ ይንገሩኝ፤ የሚጥል በሽታ አለብዎት ወይስ የለብዎትም?» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ መተላለፊያው ግን ጭር ብሎ ስለነበር እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አቀኑ። እናቱ ልጇን አላየችም፤ ሲስተሯንም አላየችም። ጎሚስታው ሊናገር ሲል ክንዱን ጨበጠችው፤ ጣቷ ሥጋው ውስጥ ገባ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አለች። «ስትደውሉልኝ ማን አጠገቤ እንደተቀመጠ ጠይቃችሁኛል? መናገር ይችላሉ ወይ ብላችሁኛል? ልጄን ለልጃቸው ሊወስዱ በመጡ ሰው ፊት ጥሎዎት ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። አፈርኩ። ሰው ነኝ፣ አፈርኩ። አፍሬ ያወጣኋትን አንዲት ቃል ይዛችሁ የኖርኩበትን መድኃኒት ቆረጣችሁት። ቆርጠነዋል ብላችሁ ግን አልደወላችሁም። ለመጠየቅ ስልክ አላችሁ፤ ለመንገር ስልክ የላችሁም?»

«እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን—»

«አውቃለሁ። እዚህ ቤት ሁሉም ታዞ ነው። አሁንም ክፍልሽን ቆልፈሽ በሰው መሀል ጠየቅሽኝ። እንግዲያው ስሚ፤ እናንተም እዚያ የተቀመጣችሁ ስሙኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ይጥለኛል። ክኒኑን ስውጥ ይተወኛል፤ ስተው ይጥለኛል። አሁን ፈርሙልኝ።»

ሲስተሯ ፊቷ ቀላ፤ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችና ወደ ዶክተሩ ክፍል ሮጠች። ዶክተሩ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ወጣ፤ ማዘዣውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ቆሞ፣ የማንንም ፊት ሳያይ ፈረመ። አንድ የብስክሌት ጎማ ለመንፋት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ጎሚስታው ፊርማዋን ትክ ብሎ አያት። ለዚህች ጭረት ነው? አመስግኖ መቀበል ነበረበት፤ አላመሰገነም። ማዘዣውን ከእጁ መንጨቅ በሚመስል አኳኋን ወሰደው። እናቱ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ እንደቆመች ማሸጊያውን በጥርሷ ቀደደችና አንዷን ክኒን ያለ ውሃ ዋጠቻት። ቀሪውን ልጇ እንደ ልማዱ በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ሊከት ሲል ተቀበለችው። እጇ ላይ ይዛው ታክሲ ገባች።

የሙሽራው እናት እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ሚጣ የቤተሰብ ፎቶ እያሳየቻቸው ነበር። እናቱ ገብታ ሻርፗን አወለቀች፤ ክኒኑን ከብስኩቱ ሳህን አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሚጣ ፊቷ አመድ መሰለ። ሴትዮዋ ክኒኑን አዩት፤ እናቱን አዩ። «የግፊቱ ነው?» አሉ።

«ግፊት የለብኝም» አለች እናቱ፣ ተቀምጣ። «የሚጥል በሽታ ነው ያለብኝ። ይቺ ልጅ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ።»

ሴትዮዋ የያዙትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አኖሩት። ጎሚስታው አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው ቢወጣ ምን እንደሚመልስ ከታክሲው ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ያዘጋጀውም ቃል ጨዋ አልነበረም።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስልኩ የጮኸ ዕለት እዚህችው ላይ ነው የተቀመጥኩት። ጆሮዬን አላመመኝም። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል እያልኩ ስመላለስ ሰነበትኩ። የአዳራሽ ዋጋ ላወራ የመጣሁ መሰላችሁ? አዳራሹንማ ልጄ ከጨረሰው ቆይቷል።»

«ሰምተው ነው ዝም ያሉት?» አለ ጎሚስታው። ያዘጋጀው ቃል ጠፍቶት ይኸ ብቻ ወጣለት። «ለእርስዎ ተብሎ ክኒኗ ተቋርጦ፣ እርስዎ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ያዛሉ?»

«ጋሼ» አለች ሚጣ።

«ተይው ይናገር» አሉ ሴትዮዋ። «ክኒኑ መቋረጡን በምን ላውቅ ልጄ? እናንተ በገዛ ቤታችሁ ያላነሣችሁትን እኔ እንግዳዋ ላንሣው?» ወደ እናቱ ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ እኔን ብለሽ መድኃኒት ታቆሚያለሽ? እኔ ማነኝና?» ከእርስዎ ወደ አንቺ መውረዳቸው ንቀት ይሁን ቅርበት ጎሚስታው ሊለየው አልቻለም። እናቱም የለየችው አልመሰለውም፤ ሻርፗን ጭኗ ላይ አጠፈች።

ሴትዮዋ ተነሥተው ቦርሳቸውን ያዙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ለልጄ ነግረሽዋል?» አሏት ሚጣን።

«አልነገርኩትም።»

«ዛሬውኑ ንገሪው። ከእኔ አፍ እንዳይሰማው። ምን እንደሚል አላውቅም፤ የወለድኩት ብሆንም ሆዱን አላውቀውም። እኔም ራሴ ምን እንደምል ገና አላወቅሁም፤ ውሸት ልነግራችሁ አልፈልግም።» ጎንበስ ብለው ያንን የሚያብለጨልጭ ጫማ ሲያጠልቁ፣ ጎሚስታው በደንቡ መሠረት ሊሸኛቸው ተነሣ። በእጃቸው መለሱት። ኮቴያቸው በኮሪደሩ ውስጥ ቀስ እያለ ራቀ።

ጎሚስታው የሚጠብቀው ሥራ ነበረ፤ አሠሪው ሁለቴ ደውሎ አላነሣለትም። ጫማውን ማሰር ጀመረ። ንዴቱ አልበረደለትም። ጠዋት መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ፣ ሲስተሯን፣ ባለ ቁልፉን ዶክተር፣ ሴትዮዋን፣ እህቱን፣ እናቱን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያን ክኒን እንደ ሌባ ጃኬቱ ውስጥ ሲሸጉጥ የኖረውን ራሱን፤ ሁሉንም በየተራ ቢቆጣ ቁጣው የሚያልቅ አልመሰለውም። ሚጣ ስልኳን አንሥታ ወደ መጋረጃው አመራች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቱ።

«ልደውልለት።»

«ነይ እዚሁ ተቀመጪ። እዚሁ ደውይለት።»

ሚጣ መጋረጃውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ለቀቀችውና መጥታ ሴትዮዋ የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩን ለመንካት አውራ ጣቷ እምቢ አላት። ወንድሟን አየችው፤ «ጋሼ፣ አትሂድ» አለች። እሱም አንድ እግሩ ታስሮ፣ አንዱ ሳይታሰር፣ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ሚጣ ቁጥሩን ነካች፤ ስልኩ መጥራት ጀመረ። እናቱ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ የሚጣን ጉልበት በመዳፏ ያዘች። ከወዲያ በኩል የወንድ ድምጽ «ወዬ የኔ ቆንጆ» ሲል ተሰማ።

«ስማኝ» አለች ሚጣ። «ስለ እናቴ የምነግርህ ነገር አለ።»